ፎቶ ከመነሳቱ በፊት

ለጭሮና ለምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ወጣቶች የተዘጋጀ ዲስኩር

  

የተከበራችሁ የጭሮ ከተማ ነዋሪዎች፣ የሀገር ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ እናቶች፤ ከገለምሶ፣ ከበዴሳ፣ ከሂርና፣ ከመቻራ፣ ከሚኤሶና ከአሰቦት የመጣችሁ ወጣቶች፤ የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች፤

የተሰጠኝ ርዕስ ወጣቱ በማኅበራዊ ሚዲያ ለተቸገረ ወገኑ እንዴት ሊቆም ይችላል የሚል ነው። ስለ ቲክቶክና ስለ ቴሌግራም ላስተምራችሁ አልመጣሁም፤ በዚህ ረገድ እናንተ ትቀድሙኛላችሁ። የታመመ ልጅ ፎቶ፣ የሕክምና ቦርድ ወረቀትና የባንክ ሒሳብ ቁጥር በአንድ ላይ ተለጥፎ ሲዞር ያላየ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። ብዙዎቻችሁም አምሳ ብርም ትሁን መቶ በቴሌብር ልካችኋል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ስልካችን የትኛውን ችግር ያሳየናል? የትኛውንስ ሳያሳየን ያልፋል?

ከቦረና ልጀምር። በ2015 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ላይ በመላ ሀገሪቱ ያሉ ወጣቶች ለቦረና ተነሱ። በየከተማው ዱቄት፣ ዘይትና ውሃ ተሰበሰበ፤ ለከብቶቹ መኖ ተጫነ፤ የጭነት መኪናዎች ወደ ያቤሎና ወደ ዱብሉቅ ወረዱ። ያን ሰሞን የነበረውን ሁኔታ አስታውሱ። ከየካቲት መጀመሪያ ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ በሀገራችን ተገድበው ነበር፤ ገደቡም አምስት ወር ያህል ቆይቷል። ወጣቱ ግን በቪፒኤን እየገባ ፎቶውን አሰራጨ፣ ገንዘቡን ሰበሰበ፣ መኪናውን ጫነ። ይህ ትውልድ ከስክሪን ሌላ አያውቅም የሚሉ ሰዎች ያን ጊዜ መልሳቸውን አግኝተዋል።

ውዳሴው ግን ሙሉ እንዲሆን ካላንደሩንም እንመልከት። ቦረና ላይ ዝናብ መቅረት የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ከሽፈዋል። እኛ የተነሳነው አምስተኛው ከከሸፈ በኋላ ነበር። በዚያን ጊዜ ከ3 ሚሊዮን በላይ ከብት አልቋል። አርብቶ አደሩ ከብቱን ካጣ በኋላ የሚደርሰው ዱቄት ነፍስ ያድናል፤ ኑሮውን ግን አይመልስለትም። ከሁለት ዓመት በላይ የፈጀውን ጥፋት ያየነው አጥንታቸው የወጣ ከብቶች ተደርድረው ወድቀው ፎቶ ከተነሱ በኋላ ነው።

ጌዴኦን ደግሞ እናስታውስ። የጌዴኦና የምዕራብ ጉጂ ግጭት በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ተቀስቅሶ መቶ ሺዎችን አፈናቀለ። ጌዴኦ ውስጥ ጎቲቲ ላይ የሰፈሩት ተፈናቃዮች ፎቶ በሰፊው የተሰራጨው ግን በ2011 ዓ.ም. መጋቢት ነው፤ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። ፎቶው ከወጣ በኋላ የሆነው አስደናቂ ነበር። አርቲስት ታማኝ በየነ የሚመራው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያውያን መብት ትብብር በጎፈንድሚ ባደረገው ጥሪ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ገንዘቡ ቸልተኛ ከሚባለው ዳያስፖራ ኪስ፣ በሃያና በአምሳ ዶላር እየተለቃቀመ ነው የመጣው። ሰዉ ሳይሰጥ የቆየው ልቡ ስለደነደነ አልነበረም፤ ስላላየ ነው።

ይህ ዘግይቶ የማየት ሕመም ከስልክም በፊት ነበረ። በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በረሃብ ወደተመታው ወሎ ወርደው ያነሷቸውን ፎቶዎች ግቢ ውስጥ ሲያሳዩ ተማሪው ተንቀሳቀሰ። በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት የጋዜጠኛው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ሰማ። በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ደግሞ የካሜራ ባለሙያው የመሐመድ አሚን ካሜራ ኮረም ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ የሙዚቃ ድግሱና የእርዳታ አውሮፕላኑ መጣ። በሦስቱም ጊዜ ረሃቡ ከካሜራው ቀድሞ ወራት ሠርቷል። ያኔ ካሜራ በጥቂት ሰዎች እጅ ነበር። ዛሬ በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ አለ፤ ግን አሁንም የምናነሳው መጨረሻውን ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ።

ከአዲስ አበባ ወደ ጭሮ የሚመጣ እንግዳ የጨርጨርን ተራሮች ሲያይ ምን ይላል? «ምን የመሰለ ልምላሜ ነው!» ይላል። እውነቱን ነው። እርከኑ ላይ ጫቱ ለምልሟል፣ ቡናው ቆሟል፣ ማሽላው ከሰው ቁመት አልፎ ወጥቷል። ይኼው እንግዳ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ቢቀርጽ የሚያሳየው ገነት ነው። ያ ማሽላ ግን ፍሬ ላይይዝ ይችላል። የሐረርጌ ገበሬ ይህን ያውቀዋል። ረጅም ጊዜ የሚፈጀው ማሽላችን የሚዘራው በበልጉ ዝናብ፣ ሚያዝያ አካባቢ ነው፤ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። በልጉ ከዘገየ ገበሬው ዘሩን ሁለቴ ሦስቴ ይደግማል። የክረምቱ ዝናብ ቀድሞ ከተቋረጠ ደግሞ አገዳው አረንጓዴ እንደሆነ ፍሬው ይመክናል። መሬቱ ለምልሞ ሰዉ ይራባል። ባለሙያዎች «አረንጓዴ ረሃብ» ይሉታል። ሚኤሶ፣ ቡርቃ ድምቱ፣ ሀዊ ጉዲና፣ ቦኬና ዶባ ቆላ ላይ ደግሞ ልምላሜውም የለም፤ ግን እዚያም ረሃብ የሚመጣው በዝግታ፣ ቤት ለቤት እየገባ ነው።

ምዕራብ ሐረርጌ በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነበር፤ በዚያ ዓመት በመላ ሀገሪቱ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ፈልጓል። ሴፍቲኔት የምንለው ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ያ ዓመት ካስተማረው ትምህርት በመነሳት ነው። በ2008 ዓ.ም. ኤልኒኖ ሲመጣ እርዳታ ፈላጊው 10.2 ሚሊዮን ደረሰ፤ ዞናችን እንደገና ከፊት ተሰለፈ። እንደ ቦረና ከብቶች ሀገር ያንቀሳቀሰ የዞናችን ፎቶ የትኛው ነው? እኔ አንድም አላስታውስም። እዚህ ረሃብ የሚገለጠው እናት ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት ልጆቿን አስተኝታ እራት በመዝለሏ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ጭሮ ከተማ ጫማ ለመጥረግ በመምጣቱ፣ አባት ፍየሉን በግማሽ ዋጋ በመሸጡ ነው። እነዚህ ነገሮች ላይክ አያስገኙም።

የንግግሬ ዋና ሐሳብ እዚህ ላይ ነው። እናንተ የምዕራብ ሐረርጌ ወጣቶች ከሌላው አካባቢ ወጣት የተለየ ሥራ አለባችሁ። ካሜራ የማያየውን ችግር ገና ፎቶ ሳይሆን መናገር አለባችሁ።

«ፎቶ በሌለበት ማን ይሰጣል?» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እድር ግን ፎቶ ጠይቆ አያውቅም። ለጉዛ፣ ማለትም ለደቦ፣ የሚወጣ ገበሬ የጎረቤቱን ማሳ በቪዲዮ ካላየሁ አላለም። ቦረናዎች ቡሳ ጎኖፋ የሚሉት ከብቱ ያለቀበትን ሰው ከዘመዶቹ ከብት እየሰበሰቡ መልሰው የሚያቋቁሙበት ሥርዓት ነው፤ በቅርብ ዓመታት የኦሮሚያ ክልል ይህንኑ ስምና ሐሳብ ወስዶ ተቋም አድርጎታል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ሰው የሚሰጠው የሚናገረውን ሰው ስለሚያምን ነው። ፎቶ እምነት በሌለበት የሚተካ ማስረጃ ነው። እምነት ካለ ቃል ይበቃል።

እምነት ደግሞ በአንድ ቀን ላይቭ አይገነባም። እንዴት እንደሚገነባ የጫት ገበያችን ያሳየናል። ጠዋት የተቆረጠ ጫት ሁለት ቀን ካለፈው ዋጋ የለውም። ስለዚህ ቆራጩ፣ አሳሪው፣ ደላላው፣ የአይሱዙው ሹፌርና መናኸሪያ የሚቀበለው ነጋዴ በስልክ ተያይዘዋል። የዛሬ ዋጋ ስንት እንደሆነ በደቂቃ ውስጥ ከአወዳይ እስከ በዴሳ ይታወቃል። ጽሑፍ የለም፣ ማኅተም የለም፤ አንድ ቀን ሒሳቡን ያጎደለ ግን በማግስቱ ስልክ የሚያነሳለት የለም። ይህን ያህል ብርቱ የመረጃ ሰንሰለት ለቅጠል ዘርግተናል። ለማሽላ ዋጋና ለልጆች ጤና መዘርጋት ያቅተናል?

ምን እንዲሠራ እንደምፈልግ በግልጽ ልናገር።

ኦዳ ቡልቱም ውስጥ ከዞናችን ወረዳዎች የመጡ ተማሪዎች አሉ። በየከተማው መምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ሱቅ ያላቸው ወጣቶች አሉ። ከነዚህ በየወረዳው ሁለት ሁለት ሰው ቢመረጥና በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ቢገናኝ፣ በገበያ ቀን ሁለት ነገር ብቻ ይጻፍ፦ የአንድ ኩንታል ማሽላ ዋጋና የአንድ መካከለኛ ፍየል ዋጋ። የማሽላው ዋጋ ሲወጣ የፍየሉ ከወረደ ቤተሰቦች ጥሪታቸውን እየሸጡ እህል መግዛት ጀምረዋል ማለት ነው። የረሃብን አመጣጥ የሚያጠኑ ሰዎች ከሚያምኗቸው ምልክቶች አንዱ ይህ ነው፤ ለመረዳት ዲግሪ አይጠይቅም። በዚያ ላይ በልጉ መቼ እንደጣለ፣ ዘር ስንት ጊዜ እንደተደገመ፣ ከክፍል ስንት ተማሪ እንደቀረ ይጨመርበት። በአንድ ዓመት ውስጥ የዞናችን መዝገብ በእጃችሁ ይሆናል።

ይህን የያዘ ወጣት ግንቦት ላይ እንዲህ ብሎ መጻፍ ይችላል፦ «በቀበሌያችን ዘር ለሦስተኛ ጊዜ ሊደገም ነው፤ ለዚህን ያህል አባወራ ቶሎ የሚደርስ ዘር ያስፈልጋል፤ ዋጋው ይህን ያህል ነው።» ግንቦት ላይ የሚገዛ ዘር ጥር ላይ ከሚገዛ እህል ይረክሳል። ልጁ ሰውነቱ አልቆ ጤና ጣቢያ ከሚገባና ፕላምፒናት ከሚፈልግ፣ ቤቱ ሳለ ምሳ ቢያገኝ ይሻላል። የተሸጠን በሬ ከመተካት ለበሬው መኖ መግዛት ይቀላል። ገንዘብ የሚያንሰን ሁልጊዜ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚያንሰን ጊዜ ነው።

ጥሪው የሚሄደው ደግሞ ለማያውቃችሁ ሚሊዮን ሕዝብ አይደለም። በየቤታችን ሳውዲ ወይም ሚኒሶታ ያለ ዘመድ አለ። ለእነርሱ በምታውቁት ቋንቋ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ በምታውቁት ቀበሌ ስም ጻፉ። ሦስት መቶ የሚያምኗችሁ ሰዎች ከሦስት መቶ ሺህ ተመልካች ይበልጣሉ።

ይህን ስል የትልልቅ ዘመቻዎችን ጉልበት እያናናቅሁ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ሕንፃውን ለመጨረስ በሰይፉ ፋንታሁን የዩቲዩብ ቻናል ቀንና ሌሊት የዘለቀ የቀጥታ ሥርጭት ሲያደርግ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ገብቷል። ሕዝቡ ግን በዚያን ጊዜ ገንዘቡን ያፈሰሰው ለአንድ ምሽት ስሜት ብቻ አይደለም። ቢኒያም በለጠ ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት ከመንገድ ሰው እያነሳ ሲያጥብና ሲያበላ ስለታየ ነው። ላይቩ የሥራው ፍሬ እንጂ መጀመሪያው አልነበረም።

ከውጭ ዓለም ደግሞ ሁለት ዘመቻዎችን ላነጻጽር። በ2004 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ድርጅት ኮኒ 2012 የተባለ ፊልም በኢንተርኔት ለቀቀ። በስድስት ቀን ውስጥ 100 ሚሊዮን ጊዜ ታየ፤ ብዙው ተመልካች እንደ እናንተ ያለ ወጣት ነበር። ፊልሙ የሚናገርላቸው የሰሜን ዩጋንዳ ሰዎች ሊራ ከተማ ላይ ሲታይላቸው ግን ተቆጡ፤ ድንጋይ እስከ መወርወር ደረሱ። ታሪካቸው የሌላ ሰው ታሪክ ሆኖባቸው ነበር። ፊልሙ እንዲያዝ የጠየቀው የአማፂ መሪ ጆሴፍ ኮኒም አልተያዘም። ከሁለት ዓመት በኋላ በራስ ላይ የበረዶ ውሃ ማፍሰስ ፋሽን ሆነ። ብዙዎች ቀልድ ነው ብለው ሳቁበት። ኤኤልኤስ ለተባለው የነርቭ በሽታ በአሜሪካ ለሚሠራው ማኅበር ብቻ ወደ 115 ሚሊዮን ዶላር አስገባ፤ ገንዘቡ ወደ ምርምር ሄዶ ከበሽታው ጋር የተያያዘ አንድ ዘረመል እንዲለይ ረዳ፤ ይህም በ2008 ዓ.ም. ተገለጸ። አንደኛው በቁም ነገር ተሠርቶ ባዶ ቀረ፤ ሁለተኛው በጨዋታ ተጀምሮ ፍሬ አፈራ። ልዩነቱ ሁለተኛው ገንዘቡን ለሚያውቀው ተቋም አስረክቦ የደረሰበትን መናገሩ ነው።

ስለዚህ ሒሳብ ነገር ላይ አጥብቄ ልናገር። ዘመቻ ስትጀምሩ በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ አትሰብስቡ። ቢያንስ ሦስት ፈራሚ ያለው ሒሳብ ይከፈት፤ ከፈራሚዎቹ አንዱ የሀገር ሽማግሌ ወይም የእድር ዳኛ ይሁን። ከተቻለ እንደ ቀይ መስቀል ካለ የተመዘገበ ድርጅት ጋር ሥሩ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ የእናንተ ስልክና የእርሱ ልምድ ሲገናኙ ሥራ ይቀላል። ራሳችሁ ማኅበር ልትመሠርቱ ከፈለጋችሁ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 በሩን ከቀድሞው አስፍቶታል። ገንዘብ ከገባ በኋላ ምን እንደገዛችሁ፣ ለማን እንደሰጣችሁ፣ ስንት እንደተረፈ ጥሪውን ባሰራጫችሁበት ቦታ ጻፉ። የተረፈ ካለ «ተርፏል» በሉ። ሕዝብ የሚሸሸው የጎደለ ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ ያልተነገረ ሒሳብንም ይሸሻል። አንድ ዘመቻ ሒሳቡን ሳይናገር ከጠፋ የሚቀጥለው የታመመ ልጅ ይቀጣበታል።

ሌላው የክብር ነገር ነው። የተራበ ሰው ሰው ነው። ልጁን ሳታስፈቅዱ ፎቶ ስታነሱት ከአምስት ዓመት በኋላ የክፍል ጓደኛው ያንን ፎቶ አውጥቶ እንደሚስቅበት አስቡ። የበሽተኛን የምርመራ ወረቀት ከነስሙ፣ ከነካርድ ቁጥሩ አትለጥፉ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃ በልዩ ጥንቃቄ እንዲያዝ ይደነግጋል። ሕጉ ባይኖርም የሐረርጌ ሰው እንግዳ ሲመጣ ችግሩን ሸሽጎ ሆጃ የሚያቀርብ ሕዝብ ነው፤ ይህን ኩራቱን አታዋርዱበት። ሰው ራሱ «ንገሩልኝ» ካለ በራሱ ቃል ይናገር። ካላለ የመንደሩ ቁጥር ይበቃል።

ሦስተኛውን ጉዳይ በቅሬታ እንጂ በደስታ አላነሳውም። በ2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን ላይ በተነሳው ግጭት መቶ ሺዎች ሲፈናቀሉ፣ ዳሮ ለቡና ሀዊ ጉዲና ደም ሲፈስ ስልኮቻችን ሁለት ነገር ይሠሩ ነበር። በአንድ በኩል ለተፈናቃይ ብርድ ልብስና ገንዘብ ይሰበሰብ ነበር፤ በሌላ በኩል ለበቀል የሚጠራ ድምፅ ይዞር ነበር። በሁለቱም ላይ ያው አንድ ሼር የሚል ቁልፍ ነው የሚጫነው። የተገደለ ሰው ፎቶ ሲደርሳችሁ፣ የት እንደሆነና መቼ እንደሆነ ሳታውቁ ለእርዳታ ነው ብላችሁ እንኳ አታስተላልፉት። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ያለው ሰው ሐሰተኛ መረጃ ሲያሰራጭ ቅጣቱን ያከብድበታል። ከሕጉ በላይ ግን ይህን አስቡት፦ ሚኤሶ ገበያ ላይ ኦሮሞውና ሶማሌው አብረው ይገበያያሉ። የዋጋ መዝገባችሁ ውስጥ የሁለቱም ፍየል ይግባ። ድርቅ ሲመጣ የወሰን መስመር አይቶ አይመለስም።

ለወላጆችና ለሽማግሌዎች አንድ ቃል አለኝ። ልጆቻችሁ በርጫ ላይ ስልክ ሲነካኩ ስታዩ ሁሉም ጊዜ ማባከን አይምሰላችሁ። ለሒሳባቸው ፈራሚ ሁኑላቸው፤ ቀበሌ ሲሄዱ አብራችሁ ሂዱ፤ የ1995ቱን የምታስታውሱ የረሃብ ምልክቱ እንዴት እንደጀመረ ንገሯቸው። የዞንና የወረዳ ኃላፊዎችም ወጣቱ የማሽላ ዋጋ ሲጽፍ ስም አጠፋ አትበሉት። ቀድሞ የተነገረ ችግር ለባለሥልጣንም ይቀላል፤ ኃላፊን የሚያዋርደው ፎቶው ሲወጣ ነው።

ወጣቶች፣ የማቀርብላችሁ ሥራ የማያስመሰግን መሆኑን አልደብቅም። ገንዘብ ሰብስባችሁ የሞቱ ከብቶች መካከል ቆማችሁ ብትቀረጹ ሀገር ያውቃችኋል። ግንቦት ላይ ለአንድ ቀበሌ ዘር አድርሳችሁ ኅዳር ላይ ማሽላው ከታጨደ ግን የሚያይ የለም። ቤተሰቡ አይሰደድም፣ ልጁ ከትምህርት ቤት አይቀርም፣ ካሜራ ይዞ የሚመጣ ጋዜጠኛ አይኖርም። ከተሳካላችሁ ለጥፋችሁ የምታሳዩት ፎቶ አይኖራችሁም። የሥራችሁ ማስረጃ ያልሆነ ነገር ይሆናል። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው የሚቆጥረው ላይክ ሳይሆን ክፍል ውስጥ የቆዩትን ተማሪዎች ነው።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ታላቅ ዘመቻ ጀምሩ አልላችሁም። ከየወረዳው ሁለት ሁለት ሰው እዚሁ ተዋወቁ፣ ግሩፑን ክፈቱ፤ በሚቀጥለው የገበያ ቀን የማሽላና የፍየል ዋጋ ጻፉበት። ቀሪውን መዝገቡ ራሱ ይነግራችኋል።